የብሩክሊን ድልድይና በሥሩ የሚያልፈው ውሃ

ልጆች ሆይ፤ ክረምት ገብቶ ወንዝ በሞላ ጊዜ በወዲህና በወዲያ ማዶ ያሉ ሰዎች እርስ በርሳቸው እየተያዩ ሳይገናኙ እንደሚቀሩ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። በሽተኛው ወደ ሐኪም፣ ነጋዴው ወደ ገበያ፣ ተማሪውም ወደ ትምህርት ቤቱ ለመሄድ ውሃው እስኪጐድል ድረስ ይጠብቃል። መጠበቅ ሰልችቶት ደፍሮ የገባውንም ውሃ የሚወስደው ጊዜ አለ። ይህ ችግር ግን የገጠር ሰው ችግር ብቻ አይደለም። ከ150 ዓመት በፊት በዓለም ከታወቁት ታላላቅ ከተሞች አንዷ በሆነችው በኒውዮርክ የሚኖሩ ሰዎችም ይህንኑ የመሰለ ችግር ነበረባቸው። ዛሬ የምንማረው እነዚያ ሰዎች ችግራቸውን በምን ጥበብ እንዳራቁትና ለዚህም ምን ያህል ዋጋ እንደ ከፈሉበት ነው። በዚህ ትምህርት ውስጥ የተጻፉት ዓመታት፣ በተለይ ካልተነገረ በቀር፣ በፈረንጆች አቈጣጠር ናቸው።

፩ኛ፤ ስለ ውሃው

ኒውዮርክ በሰሜን አሜሪካ በአትላንቲክ ውቅያኖስ ዳር ያለች ከተማ ናት። ከተማዋ በደሴቶችና በየብስ ላይ የተዘረጋች ስትሆን ከደሴቶቹ መካከል ሁለቱን ማወቅ ያስፈልገናል። አንደኛው ማንሃታን የሚባለው ጠባብ ደሴት ነው። ሁለተኛው ሎንግ አይላንድ ይባላል፤ ትርጓሜውም ረዥም ደሴት ማለት ነው። ብሩክሊን የተሠራችው በዚህ በረዥሙ ደሴት በምዕራብ ጫፍ ላይ ነው። በሁለቱ ደሴቶች መካከል የሚያልፈው ውሃ ኢስት ሪቨር ይባላል፤ ይኸውም የምሥራቅ ወንዝ ማለት ነው።

ነገር ግን ስሙ ወንዝ ይባል እንጂ እውነተኛ ወንዝ አይደለም። ወንዝ ከምንጭ ተነሥቶ ከከፍታ ወደ ዝቅታ ይወርዳል፤ መንገዱም ሁልጊዜ አንድ ነው። ኢስት ሪቨር ግን የራሱ ምንጭ የለውም፤ ውሃውም ጨው ያለበት የባሕር ውሃ ነው። የኒውዮርክን ወደብ ሎንግ አይላንድ ሳውንድ ከሚባለው የባሕር ክፍል ጋራ ያገናኛል፤ ርዝመቱም 26 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ሁለት ባሕሮችን የሚያገናኝ እንዲህ ያለ ጠባብ ውሃ ወሽመጥ ይባላል።

የዚህ ወሽመጥ ጠባይ አስደናቂ ነው። ጨረቃና ፀሐይ የባሕርን ውሃ ስለሚስቡት በዚያ አገር ባሕር በየቀኑ ሁለት ጊዜ ያህል ይሞላል፤ ሁለት ጊዜ ያህልም ይጐድላል። ባሕሩ የሚሞላበት ሰዓት በወሽመጡ በሁለቱ ጫፍ እኩል ስላልሆነ ውሃው ከፍ ካለበት ዝቅ ወዳለበት በብርታት ይሮጣል። ከጥቂት ሰዓቶች በኋላም ፊቱን አዙሮ ወደ መጣበት ይመለሳል። ስለዚህ ጠዋት ወደ ሰሜን ሲሄድ የታየው ውሃ ከቀትር በኋላ ወደ ደቡብ ሲሄድ ይታያል።

ከወሽመጡ ስፍራዎች አንዱ ሄል ጌት ይባላል። በዚያ ውሃው ስለሚሽከረከርና ከውሃው በታች የተሰወሩ አለቶች ስለ ነበሩበት እጅግ ብዙ መርከቦች ተሰብረውበታል። መሐንዲሶች በ1876ና በ1885 ዓ.ም. በአለቶቹ ውስጥ ዋሻ ቈፍረው ፈንጂ በመሙላት ሰባበሯቸው፤ ከዚያም በኋላ መንገዱ ለመርከቦች ተሻለ።

፪ኛ፤ ድልድዩ ከመሠራቱ በፊት

በዚያ ዘመን ኒውዮርክና ብሩክሊን ሁለት የተለያዩ ከተሞች ነበሩ። ብሩክሊንም ብቻዋን በሕዝብ ብዛት ከአሜሪካ ከተሞች ሦስተኛዋ ነበረች። ከሕዝቧ ብዙው ቤቱ በብሩክሊን፣ ሥራው በማንሃታን ስለ ነበር በየቀኑ ውሃውን መሻገር ነበረበት። ከ1814 ዓ.ም. ጀምሮ በእንፋሎት የሚሄዱ የመሻገሪያ መርከቦች ሕዝቡን ያመላልሱ ነበር። ነገር ግን ጉም በወረደ ጊዜ መርከቦቹ መንገዳቸውን ማየት ይሳናቸዋል፤ ነፋስ በበረታም ጊዜ ይዘገያሉ። ከሁሉ የሚከፋው የበረዶ ወራት ነበር። በ1866ና በ1867 ዓ.ም. መካከል በሆነው ክረምት ወሽመጡ በበረዶ ስለ ተዘጋ መርከቦቹ መሄድ አልቻሉም። ሕዝቡም በዚህ ተማርሮ ድልድይ ይሠራልን እያለ አጥብቆ ጠየቀ። በ1867 ዓ.ም. ድልድዩን የሚሠራ ማኅበር በሕግ ተቋቋመ።

፫ኛ፤ ሐሳቡን ያወጣው መሐንዲስ

የድልድዩን ሐሳብ ያወጣው ጆን ሮብሊንግ የሚባል መሐንዲስ ነው። ይህ ሰው በ1806 ዓ.ም. በጀርመን አገር ተወልዶ በ1831 ዓ.ም. ወደ አሜሪካ የተሰደደ ነበር። በአሜሪካም ሽቦ እየገመደ ጠንካራ ገመድ የሚያወጣ ፋብሪካ አቋቋመ። በዚህም ገመድ በናያጋራ ፏፏቴ አጠገብ የባቡር ድልድይ ሠርቶ በ1855 ዓ.ም. ስለ ጨረሰ ስሙ በአገሩ ሁሉ ታወቀ።

በኢስት ሪቨር ላይ ድልድይ ለመሥራት ሦስት ችግሮች ነበሩ። መጀመሪያ፣ ውሃው ሰፊና ኀይለኛ ስለ ሆነ በመካከሉ ምሰሶ ማቆም አይመችም። ሁለተኛ፣ መርከቦች ዘወትር የሚመላለሱበት ስለ ሆነ መንገዱን መዝጋት አይገባም። ሦስተኛ፣ መርከቦቹ ረዣዥም የሸራ ምሰሶ ስለ ነበራቸው ድልድዩ ከውሃው በላይ እጅግ ከፍ ማለት ነበረበት። ስለዚህ ሮብሊንግ በመካከል ምንም ምሰሶ የሌለው፣ በሁለት ታላላቅ ግንቦች ላይ በሽቦ ገመድ የሚንጠለጠል ድልድይ አሰበ።

ይህ ሰው ግን ሥራውን ሳያይ ቀረ። በ1869 ዓ.ም. በሰኔ ወር በብሩክሊን ወደብ ዳር ቆሞ የግንቡን ስፍራ ሲለካ አንዲት የመሻገሪያ መርከብ ደርሳ እግሩን ከእንጨቱ ጋራ አጣብቃ ጨፈለቀችው። ቍስሉም መንጋጋ ቈልፍ የሚባለውን በሽታ አመጣበትና በሐምሌ ወር ሞተ። ድልድይ ሠርቶ ሊያስቀራት ባሰባት መርከብ ሕይወቱ ጠፋች። ሥራውም በ32 ዓመት ጕልማሳ ልጁ፣ በዋሽንግተን ሮብሊንግ ትከሻ ላይ ወደቀ።

፬ኛ፤ ተንጠልጣይ ድልድይ እንዴት ይቆማል?

ይህን ለመረዳት በትምህርት ቤታችሁ እንዲህ አድርጋችሁ ሞክሩ። ሁለት ወንበሮች በአንድ ሜትር ርቀት ትይዩ አቁሙ። ረዥም ሲባጎ በሁለቱ ወንበሮች ራስ ላይ አሳልፉና መካከሉን ጥቂት አርግቡት። ሁለቱን ጫፎች ከወንበሮቹ ወዲያ በመሬት ላይ ካኖራችኋቸው ከባድ ድንጋዮች ጋራ እሰሩ። ቀጥሎም በመካከል ካለው ሲባጎ ላይ አጫጭር ክሮች አንጠልጥላችሁ በክሮቹ ጫፍ ሸምበቆ እሰሩ። በሸምበቆው ላይ ጥቂት ጠጠር ብታኖሩ ክብደቱ በክሮቹ ወደ ሲባጎው ይወጣል፤ ሲባጎውም ወንበሮቹን ወደ ታች ይጫናል፤ ድንጋዮቹንም ወደ ውስጥ ይስባል። ድንጋዮቹ ቀላሎች ቢሆኑ ይንሸራተቱና ሁሉም ይወድቃል።

እንግዲህ ወንበሮቹ የድልድዩ ግንቦች ናቸው፤ ሲባጎውም የሽቦው ገመድ ነው፤ ሸምበቆውም ሰው የሚሄድበት መንገድ ነው። ድንጋዮቹ ደግሞ በሁለቱ ዳር በየብስ ላይ የተሠሩት የገመዱ መያዣ ግንቦች ናቸው። የብሩክሊን ድልድይ ከዚህ በላይ ከግንቦቹ ራስ እንደ ድር እየተዘረጉ ወደ መንገዱ የሚወርዱ ሌሎች ገመዶች አሉት። እነዚህ ገመዶች ክብደቱን ይካፈላሉ፤ በነፋስም ጊዜ ድልድዩ እንዳይናወጥ ይይዙታል።

፭ኛ፤ ከውሃ በታች የተሠራው ሥራ

ሥራው በጥር ወር 1870 ዓ.ም. ተጀመረ። ከሁሉ የከበደው የግንቦቹን መሠረት መጣል ነበር፤ ምክንያቱም መሠረቱ ከውሃው ወለል በታች ጠልቆ ጽኑ መሬት ማግኘት አለበት። አንድ ባዶ ጣሳ ገልብጣችሁ ቀጥ አድርጋችሁ ወደ ውሃ ብታጠልቁት በውስጡ ያለው አየር ውሃውን ከልክሎ ከሞላ ጐደል እንዳይገባ ያደርገዋል። መሐንዲሶቹም በዚህ ዐይነት ከወፍራም እንጨት ታች የሌለው ታላቅ ሣጥን ሠሩ፤ ስሙንም ኬሶን ይሉታል። የብሩክሊኑ ኬሶን ርዝመቱ 51 ሜትር፣ ወርዱም 31 ሜትር ያህል ነበር። በላዩ ድንጋይ እየተካበ በክብደቱ ሲሰጥም፣ በእንፋሎት መኪና የታመቀ አየር ወደ ውስጡ ይነፋ ነበር፤ አየሩም ውሃውን ወደ ውጭ ይገፋዋል። ሠራተኞቹ በዚህ ሣጥን ውስጥ ሆነው በሻማና በፋኖስ ብርሃን ጭቃና ድንጋይ ይቈፍራሉ። በሥራው መጀመሪያ ኬሶኑ በሳምንት አንድ ስንዝር ያህል እንኳ አይወርድም ነበር።

በታኅሣሥ ወር 1870 ዓ.ም. በብሩክሊኑ ኬሶን ውስጥ ከአንድ ሻማ የተነሣ እሳት ጣራውን ያዘው። የታመቀው አየር እሳቱን ስለሚያቀጣጥለው ወደ እንጨቱ ውስጥ እየገባ በስውር ነደደ። ዋሽንግተን ሮብሊንግም ሌሊቱን ሁሉ ከሠራተኞቹ ጋራ ሲታገል አድሮ ደከመና ወደቀ። በመጨረሻም ኬሶኑን በሙሉ በውሃ አጥለቅልቀው እሳቱን አጠፉት።

ከእሳቱ የሚብሰው ግን የማይታይ ጠላት ነበር። ሠራተኞቹ ከኬሶኑ ወደ ውጭ ሲወጡ መገጣጠሚያቸውን እጅግ ያማቸው ጀመር፤ አንዳንዶቹም እግራቸው ሰነፈ፤ የሞቱም ነበሩ። በዚያን ጊዜ የበሽታውን ምክንያት በእርግጥ የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ዛሬ ግን እናውቀዋለን። ሰው የታመቀ አየር ሲተነፍስ በአየር ውስጥ ካለው ናይትሮጂን ብዙው በደሙና በሥጋው ውስጥ ይሟሟል። ያ ሰው ቶሎ ብሎ ወደ ውጭ ቢወጣ የተሟሟው ናይትሮጂን አረፋ ይሆንበታል። ይህም የታሸገ የአምቦ ውሃ ክዳኑ በተከፈተ ጊዜ አረፋ እንደሚያወጣው ያለ ነው። አረፋውም የደሙን መንገድ ይዘጋል፤ ነርቮችንም ይጐዳል። መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ ሠራተኛው ግፊቱ ጥቂት በጥቂት እየተቀነሰለት ቀስ ብሎ እንዲወጣ ማድረግ ነው። ነገር ግን ይህን ባለማወቅ ብዙ ሰው ተጐዳ።

የብሩክሊኑ መሠረት በ13 ሜትር ተኩል ያህል ጥልቀት አረፈ። በማንሃታን በኩል ግን 24 ሜትር ያህል ተቈፍሮ አለቱ ገና አልተገኘም፤ በሽታውም ጥልቀቱ በጨመረ ቍጥር ይበረታ ነበር። ዋሽንግተን ሮብሊንግ ከሥር የደረሱበትን አሸዋ መርምሮ፣ ይህ አሸዋ እጅግ ከረዥም ዘመን ጀምሮ ያልተናወጠ ጽኑ ነው ብሎ ስላመነ ቍፋሮው እንዲቆም በ1872 ዓ.ም. አዘዘ። ወደ ፊት ቢቈፈር ይሞቱ የነበሩትን ሰዎች አዳነ፤ ግንቡም እስከ ዛሬ በዚያው አሸዋ ላይ ቆሟል።

፮ኛ፤ ኤሚሊ ሮብሊንግ

በዚያው ዓመት ዋሽንግተን ሮብሊንግ ራሱ በኬሶኑ በሽታ ተመትቶ ወደቀ። ከዚያ በኋላ ወደ ሥራው ስፍራ መመላለስ ስላልቻለ በብሩክሊን ከነበረው ቤቱ መስኮት ሆኖ በመነጽር ይመለከት ነበር። ሐሳቡ ጤነኛ ነበር፤ አካሉ ግን ከድቶታል።

በዚህ ጊዜ ሚስቱ ኤሚሊ ሮብሊንግ ተነሣች። በመጀመሪያ ባልዋ የሚነግራትን ትእዛዝ እየጻፈች ለመሐንዲሶቹ ታደርስ ነበር። ቀጥላም የሒሳብን፣ የድንጋይንና የብረትን ጠባይ፣ የገመዶችንም አሠራር አጠናች። በየቀኑ ወደ ሥራው ስፍራ እየሄደች ለሚጠይቋት ሁሉ መልስ ትሰጥ ነበር። በዚያ ዘመን በአሜሪካ ሴቶች ወደ ምህንድስና ሥራ አይገቡም ነበርና ብዙዎች ተደነቁባት። በ1882 ዓ.ም. በሽተኛ ሰው ዋና መሐንዲስ ሊሆን አይገባውም የሚሉ ሹማምንት ተነሥተው ባልዋን ሊሽሩት ፈለጉ፤ ነገር ግን የማኅበሩ አስተዳዳሪዎች በድምፅ ብልጫ በሥራው አጸኑት።

፯ኛ፤ ስለ ሽቦው

ግንቦቹ ከኖራ ድንጋይና ከግራኒት ተሠርተው ከውሃው በላይ 84 ሜትር ያህል ከፍ አሉ። በነሐሴ ወር 1876 ዓ.ም. የመጀመሪያው ገመድ ከግንብ እስከ ግንብ ተዘረጋ። ፋሪንግተን የተባለ የሠራተኞች አለቃ በገመዱ ላይ በተሰቀለች ትንሽ መቀመጫ ተቀምጦ፣ ሕዝቡ በሥሩ እያየ፣ ከዳር እስከ ዳር ተሻገረ። ይህንም ያደረገው ሠራተኞቹ እንዳይፈሩ ብሎ ነው።

ድልድዩን የሚሸከሙት አራት ታላላቅ ገመዶች ናቸው። እያንዳንዱ ውፍረቱ 40 ሳንቲ ሜትር ያህል ሲሆን በውስጡ ከ5,000 የሚበልጡ ቀጫጭን ሽቦዎች ጐን ለጐን ተኝተዋል። ሽቦዎቹ ከዐረብ ብረት የተሠሩ ናቸው፤ የባሕሩም ጨዋማ አየር እንዳያዝጋቸው በዚንክ ተለብጠዋል። አንዱን ሽቦ ብቻውን ብናየው ደካማ ነው፤ በአንድነት ግን ታላቅ ከተማ ይሸከማሉ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ያሉት አባቶቻችን ይህን ገመድ ቢያዩ ኖሮ ለምሳሌያቸው ጥሩ ምስክር ባገኙ ነበር።

ነገር ግን በ1878 ዓ.ም. አንድ አሳፋሪ ነገር ተገኘ። ሽቦውን የሚያቀርበው ነጋዴ በተቈጣጣሪዎች ተመርምሮ የተመሰከረለትን መልካም ሽቦ በመንገድ ላይ በመጥፎ ሽቦ እየለወጠ ይልክ ኖሯል። መጥፎው ሽቦ በገመዱ ውስጥ አስቀድሞ ገብቶ ስለ ነበር ማውጣት አልተቻለም። ይሁን እንጂ ጆን ሮብሊንግ ድልድዩን ሲያስብ ከሚያስፈልገው ስድስት እጥፍ ብርታት እንዲኖረው አድርጎ ስለ ነበር ጕድለቱን ሊችለው ቻለ። ልጁም በእያንዳንዱ ገመድ ላይ 150 ያህል መልካም ሽቦ አስጨመረ። የሞተው አባት አርቆ ማሰብ ካንድ አጭበርባሪ ነጋዴ ክፋት የብዙ ሰው ሕይወት አዳነ።

፰ኛ፤ የምረቃው ቀን

ድልድዩ ከ13 ዓመት ሥራ በኋላ በግንቦት 24 ቀን 1883 ዓ.ም. ተመረቀ። ይህም በእኛ አቈጣጠር ግንቦት 17 ቀን 1875 ዓ.ም. ሲሆን በዐፄ ዮሐንስ ፬ኛ ዘመነ መንግሥት ነበር። የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ቼስተር አርተር በእግራቸው ተሻገሩበት። ከምረቃው አስቀድሞ በሠረገላ በድልድዩ ላይ ያለፈችው ግን ኤሚሊ ሮብሊንግ ነበረች፤ ለድልም ምልክት አንድ አውራ ዶሮ ይዛ እንደ ነበረ ይነገራል።

በሁለቱ ግንቦች መካከል ያለው ርቀት 486 ሜትር ነው፤ በዚያ ዘመን በዓለም ላይ ካሉት ተንጠልጣይ ድልድዮች ሁሉ የሚበልጥ ነበር። ከዳር እስከ ዳር ያለው ጠቅላላ ርዝመት ከ1,800 ሜትር ያልፋል። መንገዱ በመካከሉ ከውሃው በላይ 41 ሜትር ያህል ከፍ ይላል። ወጪው 15 ሚሊዮን ዶላር ያህል ሆነ፤ ነገር ግን በገንዘብ የማይመዘን ሌላ ዋጋም ነበረበት፤ በሥራው ላይ ከ20 የማያንሱ ሰዎች ሞተዋል።

ከምረቃው ስድስት ቀን በኋላ፣ ሕዝብ ድልድዩን ሞልቶት ሳለ በደረጃው ላይ ጩኸት ተሰማ። ድልድዩ ሊወድቅ ነው የሚል ሐሰተኛ ወሬ ስለ ተነዛ ሰው እርስ በርሱ ተረጋገጠና 12 ሰዎች ሞቱ። ድልድዩ ግን ምንም አልሆነም ነበር፤ የገደላቸው ፍርሃትና ወሬ ነው። በሚመጣው ዓመት በ1884 ዓ.ም. ባርነም የተባለ የታወቀ የሰርከስ ባለቤት 21 ዝሆኖች ነድቶ በድልድዩ ላይ አሻገረ፤ ሕዝቡም ይህን አይቶ የድልድዩን ጽናት አመነ።

፱ኛ፤ ድልድዩ ዛሬ

ድልድዩ ሁለቱን ከተሞች ስላቀራረባቸው ብሩክሊን በ1898 ዓ.ም. ከኒውዮርክ ጋራ አንድ ከተማ ሆነች። በወሽመጡ ላይም በ1903ና በ1909 ዓ.ም. ሌሎች ታላላቅ ድልድዮች ተጨመሩ። በብሩክሊን ድልድይ ላይ ባቡር ይሄድ የነበረው እስከ 1944 ዓ.ም. ነው፤ ዛሬ አውቶሞቢሎች ይሄዱበታል። ለእግረኞች ከአውቶሞቢሉ መንገድ በላይ ከፍ ብሎ የተሠራ መንገድ አለ፤ ለብስክሌትም በ2021 ዓ.ም. የተለየ መንገድ ተከፈተ። በመስከረም ወር 2001 ዓ.ም. በከተማይቱ ላይ ታላቅ አደጋ በደረሰ ጊዜ ባቡሩ ስለ ቆመ እጅግ ብዙ ሕዝብ ከማንሃታን ወደ ቤቱ የተመለሰው በዚህ ድልድይ ላይ በእግሩ እየሄደ ነው።

፲ኛ፤ ከዚህ የምንማረው

ልጆች ሆይ፤ በዚህ ታሪክ ውስጥ አባት ሐሳቡን አወጣ፤ ልጅ በሥራው ላይ ጤናውን አጣ፤ ሚስት የሁለቱን ድካም ከፍጻሜ አደረሰች፤ ስማቸው ያልተጻፈላቸውም ብዙ ሠራተኞች በጨለማ ውስጥ ቈፈሩ። ታላቅ ሥራ በአንድ ሰው ዕድሜና በአንድ ሰው ጕልበት ብቻ አይፈጸምም። ደግሞም ሁለት ነገር አትርሱ። አለማወቅ ሰው ይገድላልና ትምህርትን አትናቁ። የሌላ ሰው ሕይወት በሚያርፍበት ሥራ ላይ ማታለልን ራቁ፤ ዛሬ የተሰወረው መጥፎ ሽቦ ነገ ይገለጣልና።

የቃላት ትርጕም

ወሽመጥ፤ ሁለት ባሕሮችን የሚያገናኝ ጠባብ ውሃ።
ኬሶን፤ ከውሃ በታች መሠረት ለመቈፈር የሚያገለግል ታች የሌለው ሣጥን።
የታመቀ አየር፤ በመኪና ኀይል ተገፍቶ በጠባብ ስፍራ የተከማቸ አየር።
ዐረብ ብረት፤ ከተራ ብረት ይልቅ የሚጠነክር ብረት።

ጥያቄዎች

፩. ኢስት ሪቨር እውነተኛ ወንዝ ያልሆነው ስለ ምንድር ነው?
፪. ውሃው በቀን ውስጥ መንገዱን የሚለዋውጠው ለምንድር ነው?
፫. በውሃው መካከል ምሰሶ ያልቆመበትን ምክንያት ተናገሩ።
፬. የኬሶን በሽታ ከምን ይመጣል? እንዴትስ ይከለከላል?
፭. መጥፎው ሽቦ ድልድዩን ያልጣለው ስለ ምንድር ነው?
፮. በሰፈራችሁ ካለው ወንዝ ላይ ድልድይ ቢሠራ ማን ማን ይጠቀማል? በአሥር መስመር ጻፉ።